ሚኒሶታ ገብተሽ የሆኪ ቡድን ለምትፈልጊው እህቴ

ጥያቄሽን አነበብኩት። ካልጋሪ እያለሽ ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር አይስ ሆኪ ጀመርሽ፣ ወደድሽው። አሁን ለሥራ ብለሽ ሚኒያፖሊስ ገብተሻል። የበረዶ ጫማሽን (ስኬትሽን) እና መምቻ ዱላሽን (ስቲክሽን) ይዘሽ መጥተሻል፤ የምታውቂው ሰው ግን የለም። «እንደኔ ካደገ በኋላ የጀመረ ሰው የሚጫወትበት ሊግ እንዴት ነው የሚገኘው? እዚህ ሁሉም ሰው በረዶ ላይ የተወለደ ነው የሚመስለው» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ሆኪን ቨርጂኒያ ላይ ጀምሬ ነው ወደዚህ የመጣሁት። አሁን ሴንት ፖል እኖራለሁ፣ በየሳምንቱም እጫወታለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሊጉን ለጊዜው ተዪውና መጀመሪያ ሰው ፈልጊ። ኢንተርኔት ላይ ስትገቢ የሊጎቹ ስም፣ ዋጋና ፕሮግራም ይወጣልሻል። ቡድን ግን እንደዚያ አይገኝም። እዚህ ያሉት ቡድኖች አብዛኞቹ ለዓመታት አብረው የቆዩ ሰዎች ናቸው። የአንዱ ጉልበት ይታመማል፣ ሌላዋ ትወልዳለች፣ ሌላው ከተማ ይቀይራል፤ ያኔ ቦታ ይከፈታል። ያ ቦታ ማስታወቂያ ሳይወጣበት መልበሻ ክፍል ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ቀድመሽ እዚያ ክፍል ውስጥ መታየት አለብሽ።

መንገዱ ድሮፕ ኢን ነው። ካልጋሪ ላይ ሺኒ ስትሉት የነበረው ማለት ነው። ሪንኩ፣ ማለትም የበረዶ ሜዳው፣ ሰዓት ይመድባል፣ የመጣው ሰው የአንድ ቀን ከፍሎ ይገባል፣ በጥቁርና በነጭ ማሊያ ለሁለት ተከፍሎ ይጫወታል። ዳኛ የለም፣ ውጤት የሚመዘግብም የለም። ስለዚህ ሁለቱንም ቀለም ማሊያ ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ። ስቲክ ኤንድ ፓክ (ፓክ የምንመታው ክብ ጎማ ነው) የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ጨዋታ የለውም፤ ሰው ለብቻው የሚለማመድበት ሰዓት ነው። ከጉዞ በኋላ እግርሽን ለማፍታታት ጥሩ ነው፣ ሰው ለመተዋወቅ ግን ድሮፕ ኢን ይሻላል። ተቀያሪ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠሽ ስታለከልኪ ወሬ በራሱ ይመጣል።

የትኛው ሪንክ ካልሽ ለቤትሽ ቅርብ የሆነው። በዚህ በኩል ሚኒሶታን የሚያህል የለም። ብሌይን ከተማ ያለው ሱፐር ሪንክ በአንድ ጣሪያ ሥር 8 የበረዶ ሜዳ አለው። መሀል ሚኒያፖሊስ የከተማው ፓርክ ቦርድ የሚያስተዳድረው ፓሬድ የሚባል ሪንክ አለ። የኛ ሰው የሚበዛበት ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ውስጥ እንኳ የኦግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሪንክ አለ። ቅርብ ያልኩሽ በምክንያት ነው። የአዋቂ ጨዋታ ልጆቹ ከጨረሱ በኋላ በተረፈው ሰዓት ነው የሚያዘው፤ ማታ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀምር ጨዋታ ብርቅ አይደለም። ተጫውተሽ፣ ታጥበሽ፣ በጃንዋሪ በረዶ መንገድ ላይ ነድተሽ ቤት ስትገቢ ሌሊት ነው። ለአንድ ቀን የማይከብድ ርቀት በየሳምንቱ ሲሆን ያሰለቻል። ጥሩ ተጫዋቾች በዚህ ብቻ ሲያቆሙ አይቻለሁ።

ሪንኩ ስትደርሺ ወዲያው ወደ መልበሻ ክፍል አትሩጪ። ፊት ለፊት ያለውን ሠራተኛ ጠይቂ፦ የአዋቂ ድሮፕ ኢን በየትኛው ቀን ነው፣ ቀለል ያለው የትኛው ነው፣ ሰው የሚያሰባስበው ማነው? ስኬት የሚስለውንም ሰው አናግሪው። እሱ ሁሉንም ያውቃል። ማን በረኛ እንዳጣ፣ የትኛው ቡድን በዚህ ወር ሰው እንደሚፈልግ፣ የትኛው ቡድን ጠበኛ እንደሆነ ሁሉ።

የእኔን ላውጋሽ። አንድ ማታ ድሮፕ ኢን ጨርሰን መልበሻ ክፍል ተቀምጠናል። ከአጠገቤ አንድ ሸበቶ ሰውዬ የስቲኩን ጫፍ ቴፕ እየጠቀለለ ነው። ከተረከዙ ጀምሮ እየደራረበ፣ እያንዳንዱን ዙር በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ ቸኩሎ አያውቅም። ቀና ሳይል «ሐሙስ ማታ ትችላለህ? ሁለት ሰው ቀርቶብናል» አለኝ። እችላለሁ አልኩት። የስልክ ቁጥሬን ወሰደ። ሐሙስ በተቀያሪነት ገባሁ፣ በሌላው ሳምንትም ጠሩኝ፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ለሚቀጥለው ትመዘገባለህ ወይ ተባልኩ። ዛሬ ድረስ የምጫወተው ከነሱ ጋር ነው። ስለዚህ ማንም ሲጠይቅሽ «ሰው ከጎደላችሁ ደውሉልኝ» በይ፤ ሲደውሉልሽም ሂጂ። ሰዓት አክብሮ የሚመጣ ተቀያሪ ቡድን አያጣም። በረኛ ከሆንሽማ ሌላው ምክሬ ሁሉ አያስፈልግሽም። በረኛ በየቦታው ስለሚጠፋ ብዙ ድሮፕ ኢን ላይ በነፃ ነው የሚገባው።

ይህን እያደረግሽ ጎን ለጎን ተመዝገቢ። እዚህ ትልቁ የአዋቂዎች ሊግ አዳልት ሆኪ አሶሲዬሽን ነው፤ ሰው ሁሉ ኤ ኤች ኤ ነው የሚለው። ለሴቶች ብቻ ደግሞ ዋም የሚባለው የሚኒሶታ የሴቶች ሆኪ ማኅበር አለ። አንቺን ብሆን ከዋም እጀምራለሁ። ደረጃዎቹ ከከፍተኛ እስከ ጀማሪ የተከፋፈሉ ናቸው፣ ካደጉ በኋላ የጀመሩ ሴቶችም ብዙ ናቸው። እዚህ የሴቶች ሆኪ እንደ ተጨማሪ ነገር አይታይም። የሴንት ፖሉ የሴቶች ፕሮፌሽናል ቡድን የሊጋቸውን ሻምፒዮና፣ የመጀመሪያውን የዎልተር ዋንጫ፣ በ2024 ወሰደ፣ በ2025 ደገመው። አንድ ቀን ገብተሽ እያቸው፤ ከተማው እንዴት እንደሚወዳቸው ታያለሽ። ዋም ላይ ሆነሽ በሌላ ቀን ድብልቅ ቡድን ውስጥ መግባትም ትችያለሽ፣ ብዙዎቹ ሁለቱንም ይጫወታሉ።

ለሁለቱም የዩኤስኤ ሆኪ፣ ማለትም የአሜሪካ ሆኪ ማኅበር፣ አባልነት ቁጥር ያስፈልግሻል። የካናዳው እዚህ አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። በየዓመቱ ኦገስት 31 ያበቃል፣ ስለዚህ ስትመዘገቢ የየትኛው ሲዝን እንደሆነ እይ። ከአባልነቱ ጋር የአደጋ ኢንሹራንስ አለ። እሱ ግን የሚከፍለው የራስሽ የጤና ኢንሹራንስ ከከፈለ በኋላ የተረፈውን ነው። አዲስ ሥራ የገባሽ ሰው ነሽና የሥራ ቦታሽ ኢንሹራንስ መጀመሩን ሳታረጋግጪ በረዶ ላይ አትውጪ። የእጅ ስብራት እዚህ አገር ስንት እንደሚያስከፍል ካናዳ ለኖረ ሰው ለማመን ይከብዳል።

አሁን ደረጃ ላይ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ደረጃው በፊደል ወይም በቁጥር ይጠራል፣ ግን በየከተማው አንድ አይደለም። ቨርጂኒያ ላይ መካከለኛ የነበረ ሰው እዚህ ታች ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የአገሩን ታሪክ ማየት ይበቃል። የሚኒሶታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሆኪ ውድድር ከ1945 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ማርች ሲመጣ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። በ1980 ሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ ሶቭየት ኅብረትን ካሸነፉት 20 የአሜሪካ ተጫዋቾች 12ቱ የዚህ ልጆች ነበሩ። አሰልጣኛቸው ኸርብ ብሩክስም የሴንት ፖል ሰው ነው። እንግዲህ መካከለኛ በሚባለው ምድብ ውስጥ ትምህርት ቤት እያለ የተጫወተ፣ አሁን ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ እጁ ግን ያልረሳ ሰው ሞልቷል። ፓክ ከየት መጣ ሳትይ አልፎሽ ይሄዳል።

ስለዚህ ከታችኛው ጀምሪ። ከታች ወደ ላይ መውጣት ቀላል ነው፣ ራሳቸው ያወጡሻል። ከላይ ወደ ታች መውረድ ግን ሞራል ይነካል። ምዝገባ ላይ «ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ» ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም አይነግራቸውም። የምትችይውን ዘርዝሪ፦ በሁለቱም በኩል አቆማለሁ፣ ወደኋላ ስሄድ ቀርፋፋ ነኝ፣ ኦፍሳይድ ይገባኛል፣ ሾቴ ደካማ ነው፣ የምወደው ክንፍ ላይ ነው። እንዲህ ስትጽፊ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያስቀምጡሻል። አካል መግፋት በአዋቂዎች መዝናኛ ሊግ ክልክል ነው፤ በዚያ አትፍሪ።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ሲዝኑ በብዙ መቶ ዶላር ነው የሚታሰበው፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀድሞ ነው የሚከፈለው። ቡድኑ ለበረዶውና ለዳኛው ከፍሎ ያንን ለአባላት ያካፍላል። ልክ እንደ ዕቁብ ነው፤ አንዱ መሀል ላይ ከቀረ ሸክሙ ሌላው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ገንዘብ ሰብሳቢው ማን እንደሆነ፣ ስንት ጨዋታ እንዳለ፣ ማሊያ ተጨምሮ እንደሆነ፣ ቋሚ በረኛ እንዳላቸው ሳትጠይቂ አትክፈዪ። ጠያቂን የሚጠላ ቡድን ካጋጠመሽ ያ ራሱ መልስ ነው።

ዕቃ የጎደለሽ ካለ ያገለገለ ግዢ። ያገለገሉ የስፖርት ዕቃዎች የሚሸጠው ፕለይ ኢት አጌን የተጀመረውም እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው፣ በ1983። የጉልበት፣ የክርን፣ የትከሻ መከላከያ ያገለገለ ቢሆን ምንም አይደለም። ሄልሜት ግን አዲስ ይሁን። ጀርባው ላይ የተለጠፈው የደህንነት ማረጋገጫ፣ የኤች ኢ ሲ ሲ ምልክት፣ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ከተመረተ ከስድስት ዓመት ተኩል በኋላ አይሠራም።

የአንገት መከላከያ ደግሞ እባክሽ አድርጊ። አዳም ጆንሰን የዚህ ልጅ ነው፤ ሂቢንግ የምትባል የሰሜን ሚኒሶታ ከተማ ነው የተወለደው። ኦክቶበር 2023 እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ላይ ሲጫወት የሌላ ተጫዋች ስኬት አንገቱን ቆርጦት አረፈ። ገና 29 ዓመቱ ነበር። ዩኤስኤ ሆኪ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ግዴታ አደረገው። ለእኛ ለአዋቂዎች ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ መልበሻ ክፍል ውስጥም የማያደርገው ይበዛል። አንቺ እነሱን አትይ። አንገትሽ ላይ መኖሩን የምትረሺው ትንሽ ጨርቅ ነው።

ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ደግሞ የከተማው ፓርኮች ሜዳቸውን ውሃ አጠጥተው ያቀዘቅዛሉ። ብርዱ ከያዘ እስከ ፌብሩዋሪ ይቆያል። ነፃ ነው፣ ብዙዎቹ ጋ የሚሞቁበት ክፍል አለ፣ ማታ ማታ መብራት ይበራል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። የሰፈር ልጆች፣ ሽማግሌዎች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ሰዎች ስቲካቸውን መሀል ላይ ይከምራሉ፤ አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ግራና ቀኝ ይወረውራቸዋል፤ ቡድን ማለት ያ ነው። ሐይቅ ላይ ከሆነ ግን በረዶው ቢያንስ 4 ኢንች ሳይሞላ አትርገጪው። የውጪ በረዶ ስኬት ቶሎ ያደንዛል፤ ከዚያ መልስ ሳታስዪው ሊግ ጨዋታ አትግቢ።

ሐበሻ እንደመሆንሽ የምታስቢው ነገር እንዳለም አውቃለሁ። አንዳንዴ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ጥቁር አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ። እኔ የገጠመኝ አብዛኛው ሰው ጥሩ ነው፤ ስሜን አስተካክለው ለመጥራት የሚደክሙ ናቸው። አንድ ቡድን ውስጥ ግን አንድ ሰው ደጋግሞ የማይባል ነገር ይናገር ነበር፣ ሌሎቹም ዝም ይሉ ነበር። የከፈልኩትን ትቼ ወጣሁ። ቡድን ስትመርጪ ጎበዙን እንዴት እንደሚያሞግሱ ሳይሆን ደካማውን እንዴት እንደሚያናግሩ፣ ዳኛ ሲሳሳት ምን እንደሚሉ እይ። ሊጎቹ የሥነ ምግባር ደንብ አላቸው፤ ካስፈለገ አቤቱታ ጻፊ። የሚያንቋሽሽሽን ሰው ለመታገሥ ማንም ገንዘብ አይከፍልም።

ከጨዋታ በኋላ ቢራና የዶሮ ክንፍ ልማዱ ነው። የማትጠጪ ከሆነ ወይም ጾም ላይ ከሆንሽ ውሃሽን ይዘሽ ተቀመጪ፤ ማንም አይጨቀጭቅሽም። ሁዳዴ ከሲዝኑ ማብቂያ ጋር ነው የሚገጥመው። ሙሉ ቀን ጾመሽ ማታ ከመጫወትሽ በፊት ግን ሽሮም ይሁን ምስር በደንብ ብዪ። ገናና ጥምቀት የሲዝኑ መሀል ላይ ናቸው፤ ፕሮግራሙ እንደወጣ ለካፒቴኑ ንገሪው። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሪ ከሆነም እንደዚያው። አስቀድሞ የተነገረው ካፒቴን ተቀያሪ ይፈልጋል፤ በዕለቱ የተነገረው ይቀየማል።

አሁን ነሐሴ ነው፤ ለዊንተሩ ቡድኖች የሚዋቀሩበት ሰዓት ነው። በዚህ ሳምንት አባልነቱን አውጪ፣ ዋምና ኤ ኤች ኤ ላይ በግልሽ ተመዝገቢ፣ እነሱ እስኪደውሉ ድረስ ድሮፕ ኢን ላይ ታዪ። የትኛው ሰፈር እንደገባሽና በግራ ይሁን በቀኝ እንደምትመቺ ጻፊልኝ። ሴንት ፖል በኩል ከሆንሽ እኛ እሑድ ማታ ቀለል ያለ ድሮፕ ኢን አለን፤ ግራኝ ደግሞ ሁሌ ነው የሚጎድለን።