መልስ፦ የ60 ሰው ስብሰባ ወጪ እንዴት ይቀንሳል?

እህቴ፣ ለ60 ሰው የሁለት ቀን ስብሰባ ቢሾፍቱ ላይ አስበሽ በጀቱ አልበቃ እንዳለሽ ጽፈሻል። ተሳታፊዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ ከሆነ እዚሁ አድርጊው። የመኪና፣ የአልጋና የውሎ አበል ወጪው በጣም ይቀልልሻል።

አዳራሹን ለብቻው አትከራዪ። ምሳ፣ ሁለት የሻይ እረፍት፣ ውሃና ፕሮጀክተር ያካተተ የነፍስ ወከፍ ዋጋ ጠይቂ። 15 በመቶ ቫትና ሰርቪስ ቻርጁ ዋጋው ውስጥ መግባታቸውን በጽሑፍ አስቀምጪ። እኔ ሳልጠይቅ ፈርሜ፣ ሂሳቡ ሲመጣ ክው ነው ያልኩት!

ደግሞ የተጠራ ሁሉ አይመጣም። ለ50 ሰው ተዋዋዪ፣ ከ50 በላይ የሚመጣ ካለ በመጣው ሰው ልክ ይታሰብ። ረቡዕ ወይ ዓርብ ከዋለ የጾሙን ምግብ አብዢው። ሥጋው እንዳለ ይመለሳል፤ የሽሮና የምስሩ ትሪ ግን ሰልፉ ሳያልቅ ባዶ ይሆናል።