ወደ ቢሄቪየራል ሄልዝ መሄድ ክሊራንስ ያሳጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ወንድሜ፣ ከስምሪት ከተመለስክ ወዲህ እንቅልፍ እንደራቀህና በትንሽ ነገር ቱግ እንደምትል ገልጸህ፣ ወደ ቢሄቪየራል ሄልዝ (የሠራዊቱ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ) ብትሄድ አዛዥህ ይሰማ እንደሆነ፣ ክሊራንስህን (ምስጢራዊ መረጃ የማየት ፈቃድህን) ታጣ እንደሆነና ከቀጣዩ ስምሪት ትቀር እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔም አማርኛ፣ ጦሩ ቋንቋ የሚያውቁ የውጭ ዜጎችን ይመለምልበት በነበረው በማቭኒ ፕሮግራም የቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ በነበረበት ዘመን የአሜሪካን ጦር ተቀላቅዬ፣ አፍጋኒስታን ውስጥ የጭነት መኪና ነድቼ፣ በኋላም ለዚሁ ሕመም የታከምኩ ሰው ስለሆንኩ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። ሐኪምም የሕግ ባለሙያም አይደለሁም።

ሦስቱ ስጋቶችህ በተለያየ ደንብ የሚዳኙ ስለሆኑ ለየብቻ ብታያቸው ይሻላል። ብዙ ወታደር አብዝቶ የሚፈራው የክሊራንሱን ጉዳይ ቢሆንም፣ እንደ እኔ ግምት ከሦስቱ ቀላሉ እሱ ነው። ለክሊራንስ በሚሞላው በኤስኤፍ 86 ቅጽ ላይ የአእምሮ ጤናን የሚመለከተው 21ኛው ጥያቄ ቀድሞ ባለሙያ ማማከርን ጭምር ይጠይቅ ነበር። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ከውጊያ አገልግሎት ጋር በተያያዘ ምክር ያገኘ ሰው «የለም» ብሎ መመለስ እንደሚችል አስታወቁ፤ በ2016 ደግሞ ጥያቄው ራሱ ተቀይሮ በፍርድ ቤት ውሳኔዎች፣ በሆስፒታል ተኝቶ በመታከም፣ እንደ ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር ባሉ በስም በተጠቀሱ ሕመሞችና የማመዛዘን ችሎታን በእጅጉ በሚያውኩ ሁኔታዎች ላይ ያተኮረ ሆነ። ፒቲኤስዲ (ከጦርነት ወይም ከሌላ ከባድ አደጋ በኋላ የሚከተል የአእምሮ ሕመም) በስም ከተዘረዘሩት ውስጥ የለም። እኔ ሕክምና ላይ ሳለሁ ክሊራንሴ ሲታደስ መርማሪዋ ረጅም ጊዜ ወስዳ የጠየቀችኝ አዲስ አበባ ስላሉት ወንድሞቼና ወደ አገር ቤት ስለምልከው ገንዘብ ነበር፤ ሕክምናዬን አላነሳችውም። የእኛ አገር ልጅ ሐኪም ከመሸሽ ይልቅ የሐዋላ ደረሰኞቹን አስተካክሎ ቢይዝ የበለጠ ይጠቅመዋል።

አዛዥን በተመለከተ፣ በ2011 ወጥቶ በ2023 የታደሰው የመከላከያ ሚኒስቴር መመሪያ መነሻው የታካሚውን ምስጢር መጠበቅ ነው። ሐኪሙ ለአዛዥ የሚያሳውቀው በዋናነት ራስህን ወይም ሌላውን ሰው የመጉዳት፣ ወይም ተልእኮውን የማሰናከል ከባድ አደጋ ሲኖር፣ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ለአልኮል ወይም ለዕፅ ሱስ መደበኛ የሕክምና ፕሮግራም ስትገባ፣ ወይም እንደ ኑክሌር ጥበቃ ባለ ልዩ ምድብ ላይ ስትሆን ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚነገረው ለጉዳዩ የግድ የሚያስፈልገው ብቻ እንጂ የተናገርከው ሁሉ አይደለም። የእኔ ስኳድ ሊደር (የቅርብ አለቃዬ) የሚያውቀው በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሕክምና ቀጠሮ እንዳለኝ ብቻ ነበር። እርግጥ ወሬ በመመሪያ አይታገድም። አንድ ቀን መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ከጎረቤት ካምፓኒ ፈርስት ሰርጀንት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምንና ሁለታችንም ስልካችን ላይ አቀረቀርን፤ ከዚያ በኋላ ግን ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታው ሞቅ ያለ ነበር።

መሠረት ያለው ስጋት ሦስተኛው፣ ከስምሪት የመቅረቱ ነው። አዲስ የአእምሮ መድኃኒት የጀመረ ወይም መጠኑ የተቀየረለት ወታደር እንደ ልማዱ ለሦስት ወር ያህል ሁኔታው መረጋጋቱ ሳይታይ ወደ ጦር ቀጠና አይላክም፤ የበረራ ሠራተኞች ደንብም ከሌላው ይጠብቃል። ስለዚህ ስምሪቱ ከተቃረበ ይህንን ለሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ንገረው፤ መድኃኒት የሌለበት ሕክምናም አለና።

ፍርሃቱ የአንተ ብቻ አይደለም። ቻርልስ ሆግና ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ከተመለሱት መካከል የሕመም ምልክት ከታየባቸው ውስጥ እርዳታ የፈለጉት ከ23 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ነበሩ፤ ከታመሙት ከግማሽ በላይ የሆኑት ደግሞ ደካማ ተብዬ እታያለሁ የሚል ስጋት ነበራቸው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት፣ ታክሞ ሥራውን ካጣው ይልቅ ሳይታከም ቆይቶ ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘው ወይም ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ፖሊስ የተጠራበት ሰው ይበዛል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ክሊኒኩ የሚሄደው በአዛዥ ትእዛዝ ነው፤ ክሊራንሱንም የሚያስመረምረው ሕመሙ ሳይሆን የፖሊስ መዝገቡ ነው። በራስህ ፈቃድ የመሄድ ዕድሉ ዛሬ በእጅህ ነው።

አሁንም ክሊኒኩ ከከበደህ ቻፕሊን (የሠራዊቱ የሃይማኖት አባት) ዘንድ ሂድ፤ ሃይማኖቱ ከአንተ ቢለይም በምስጢር የነገርከውን ያለፈቃድህ ለአዛዥ አይናገርም። ሚሊተሪ ዋንሶርስ የተባለው የመከላከያ ሚኒስቴር የድጋፍ አገልግሎት ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ ነጻ ምክር ይሰጣል፤ ነገር ግን ፒቲኤስዲን አያክምም። የውጊያ ቀጠና አገልግሎት ካለህ የአርበኞች የምክር ማዕከል የሆነው ቬት ሴንተርም ይቀበልሃል፤ መዝገቡም ያለፈቃድህ ወደ ሠራዊቱ አይሄድም። በ2021 ሕግ ሆኖ በ2023 ሥራ ላይ መዋል በጀመረው የብራንደን ሕግ መሠረት ደግሞ፣ ማዕረጉ ኢ 5 ከሚባለው የሰርጀንት ደረጃ በላይ ለሆነ አለቃህ ግምገማ እንደምትፈልግ ብቻ ብትነግረው፣ ምክንያቱን ሳይጠይቅ እንዲልክህ ግዴታ አለበት።

የቤተሰቡን ጉዳይ አልጠየቅከኝም፣ ግን መምጣቱ አይቀርም። እናቴ «የአእምሮ ሐኪም» ስትሰማ ወዲያው የታያት አማኑኤል ሆስፒታል ነበር፤ ጠበል እንድጠመቅ ለመነችኝ፣ ተጠመቅሁም፣ ሕክምናውንም አላቋረጥኩም። ሕክምናው በዋናነት ሥራ ነው፦ የደረሰብኝን በወረቀት እየጻፍኩ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን ሐሳብ ከባለሙያው ጋር ነጥብ በነጥብ እየመረመርን ቀጠልን። መንገድ ላይ ስለ ፈነዳው ቦምብ በእንግሊዝኛ መጻፍ ሲያቅተኝ ቤቴ በአማርኛ ጽፌ ወስጄ እየተረጎምኩ አነበብኩለት፤ እጄ የተንቀጠቀጠው በአማርኛ ስጽፈው ነበር። እንቅልፌ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም፣ ነገር ግን ልጄ በሩን ሲያላትም ዘልዬ መነሣት ትቻለሁ።

ለቀጠሮ ስትደውል ለአዛዥ የሚነገረው ምን ምን እንደሆነ ጠይቅ፤ በመጀመሪያው ቀን የምትፈርመውንም የምስጢር ወሰን ወረቀት አንብበህ ቅጂውን ውሰድ። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ወደ 988 (የቀውስ ጊዜ የእርዳታ ስልክ) ደውለህ 1ን ተጫን፣ ሌሊትም ቢሆን ያነሳሉ።