ሳይኮሎጂስቷ ጠራችኝ፣ ልጄ ታመመ ማለት ነው?

ሰላም እህቴ። «ልጄ 6ኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ተደውሎ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ታነጋግርሽ አሉኝ። ልጄን እብድ ሊሉት ነው? ብቀርስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሥር ብዙ ሰው «እንዳትሄጂ፣ ስም ያወጡለታል» ብሎሻል። እኔ ግን ሂጂ ባይ ነኝ። አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 6 ዓመት በዚሁ የሥነ ልቦና ባለሙያነት ሥራ ቆይቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

እኔ ጋ ከመጡት ልጆች አብዛኞቹ የአእምሮ ሕመም አልነበረባቸውም። ቢሮዬ ኳስና መረብ የሚቀመጥበት ክፍል ነበር። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ በኋላ ግን በጀኝ። ልጆቹ ኳስ ሊወስዱ የመጡ መስለው ይገባሉ፤ «ጋይዳንስ ቢሮ ገባ» ብሎ የሚስቅባቸው የለም።

አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። በሳምንት ሁለት ቀን ታረፍዳለች። ስትመጣም ዴስኩ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። ዩኒት ሊደሩ በር ላይ አንበርክኳታል፣ ወላጅ አምጪ ተብላ ሁለቴ ተመልሳለች። መምህራን «ጓደኛ ይዛ ነው» አሉ። አልዋሽሽም፣ እኔም የጠረጠርኩት እሱን ነው። የስም መጥሪያውን ሳገላብጥ ግን ያረፈደችባቸው ቀናት ሁሌም ማክሰኞና ዓርብ ሆነው አገኘኋቸው። «ሰኞና ሐሙስ ማታ ምን አለ?» አልኳት። ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን መጥታ «ውሃ» አለችኝ።

ለካ እነሱ ብሎክ ውሃ በፈረቃ የሚመጣው በእነዚያ ሌሊቶች ነው። ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ፎቅ አይወጣም። እናት ዓረብ አገር ናቸው፤ አያቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ ልጅቷ እስከ ሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት ከታች እየቀዳች ጄሪካን ይዛ አራተኛ ፎቅ ትመላለሳለች። አያትየውን አነጋገርኩ። አንድ የጎረቤት ወጣት ሊያግዛቸው ተስማማ። ዩኒት ሊደሩም ነገሩን ሲሰማ አፈረና ማንበርከኩን ተወ። ዋናው ሥራዬ የጀመረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ ስትጠግብ ስለ እናቷ ማውራት ጀመረች። ለአንድ ሴሚስተር ያህል በሳምንት አንዴ ስለ እናቷ ስናወራ ከረምን።

የባለሙያዋ ሥራ ባጭሩ ይኸው ነው። ከልጁ ጋር ትቀመጣለች፣ ክፍል ውስጥ ታየዋለች፣ መምህሩንና አንቺን ትጠይቃለች፣ ከባህርዩ ጀርባ ያለውን ትፈልጋለች። መድኃኒት አታዝም፤ እሱ የአእምሮ (ሳይካትሪ) ሐኪም ሥራ ነው። ነገሩ ከእሷ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም እንደ የካ ኮተቤና አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጡ ሆስፒታሎች ትልካለች። አማኑኤል ሲባል ስንቱ ወላጅ ልጁን አንጠልጥሎ ከቢሮዬ እንደወጣ እኔ ነኝ የማውቀው! ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ያንቺ ልጅ ችግር ቢኖርበት እንኳ አሁን መታየቱ ይሻላል። ጠበል የምትወስጂው ከሆነም ውሰጂው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የታዘዘ መድኃኒት ካለ ብቻ እንዳይቋረጥ።

አንድ ነገር አደራ፣ የቤትሽን ነገር አትደብቂያት። ቤት ቀይራችኋል? በ2016 ከፒያሳ ተነስተው ዳር ከወጡ ቤተሰቦች የመጣ አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። አዲሱ ክፍል ውስጥ ሁለት ወር ቃል አልተነፈሰም። «ዘገምተኛ ነው» ተባለ፤ እሱ እኮ የናፈቀው የሰፈሩን ልጆች ነው። ፍቺ፣ ሞት፣ ሥራ ማጣት፣ ሁሉንም ንገሪያት። 6ኛ ክፍል ደግሞ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። ፈተና ሲቃረብ ጠዋት ጠዋት ሆዱን የሚያመው ልጅ እያስመሰለ እንዳይመስልሽ። ጭንቀት እውነተኛ ሕመም ያመጣል።

«ስም ያወጡለታል» ያሉሽ ሰዎች ግን ዝም ብለው አይደለም። እኔ ራሴ አጥፍቻለሁ። አንድ ልጅ አባቱ ሰክሮ እንደሚመታው ነገረኝ። አስቤለት እንጂ በክፋት አይደለም፣ ለክፍል ኃላፊው አወራሁት። በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ቡና እየተጠጣ ይወራ ነበር። ልጁ ከዚያ በኋላ ኳስ ለመውሰድ እንኳ አልመጣም። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ስትሄጂ መጀመሪያ «የምንነጋገረውን ማን ያውቃል? የምትጽፊው የት ይቀመጣል?» በያት። ደህና ባለሙያ በዚህ አትቀየምም። ምስጢር የማትጠብቅባቸውን ሁኔታዎችም ራሷ ትነግርሻለች፤ ልጁ ራሱን ሊጎዳ ካሰበ ወይም ሰው እየጎዳው ከሆነ ዝም ማለት አትችልም።

ብዙም አትጠብቂባት ደግሞ። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር የሚመክረው አንድ ባለሙያ ለ500 ተማሪ ነው። እኔ በሁለት ፈረቃ ከ2,000 በላይ ልጆች ነበሩኝ፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ተቆጣጣሪ አድርገው ይወስዱኛል። የልጅሽ ባለሙያ ቀጠሮ ብትረሳ ንቃሽ አይደለም፤ ደግመሽ ደውይላት። ጊዜ የማይሰጠው አንድ ነገር ነው። ልጅሽ «ብሞት ይሻላል» ዓይነት ነገር ካወራ ቀጠሮ አትጠብቂ። ብቻውን ሳትተዪው የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ዛሬ ማታ «ምን አድርገህ ነው ያስጠራኸኝ?» ብለሽ እንዳታፋጥጪው። ለመጀመሪያው ቀን ብቻሽን ሂጂ። ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ ከማን ጋር ሲሆን እንደሚብስበት ጠይቂያት። አባቱ ከተመቸው እሱም ይምጣ፤ በ6 ዓመት ውስጥ ሳልጠራቸው የመጡ አባቶች ከአምስት አይበልጡም። ስትመለሺ ምን እንዳለችሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እናየዋለን።