ፓይተን ላይ ሞጁልን በስሙ ጠርቶ ሎድ ስለማድረግ

ወንድሜ፣ ሌላውም ሰው እንዲከተለን ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ሪፖርት የሚያወጣ የፓይተን ፕሮግራም አለህ። ለእያንዳንዱ የሪፖርት ዓይነት አንድ አንድ ፋይል ጽፈህ «ሪፖርቶች» የሚባል ፎልደር ውስጥ አስቀምጠሃል። ፓይተን እንዲህ ያለውን የኮድ ፋይል «ሞጁል»፣ ሞጁሎችን የያዘውን ፎልደር ደግሞ «ፓኬጅ» ይለዋል። የትኛው እንደሚሠራ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ፣ ከኮንፊግ ፋይሉ በሚነበበው ስም ነው። አሁን ፋይሉን እንደ ጽሑፍ እያነበብክ፣ ጽሑፍን እንደ ኮድ በሚያስኬደው በ«ኤግዜክ» ፋንክሽን ታስኬደዋለህ። ጥያቄህ ሁለት ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ ወይ? ደግሞስ ፕሮግራሙን ሳላጠፋ ፋይሉን ባስተካክል ለውጡ ወዲያው እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል ወይ?

የመጀመሪያው መልስ አዎ ነው፣ ቀላልም ነው። ሁለተኛው ይቻላል፣ ግን አታድርገው እልሃለሁ። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ብዙ ስለቆየሁ ለምን እንደምል ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ «ኤግዜክ»ን ተወው። ጽሑፍ አንብበህ በእሱ ስታስኬድ ፓይተን ኮዱ ከየት ፋይል እንደመጣ አያውቅም። አንድ ሪፖርት ሲበላሽ ኤረሩ ላይ የፋይሉ ስም ባለበት ቦታ «ስትሪንግ» የሚል ቃል ብቻ ታያለህ፣ ከዚያ የመስመር ቁጥር። ሃያ የሪፖርት ፋይል ካለህ የየትኛው ፋይል መስመር 14 እንደሆነ ፈልገህ ድረስበት። በዚያ ላይ ሪፖርቱ ውስጥ ያሉት ስሞች ከዋናው ፕሮግራምህ ስሞች ጋር ይቀላቀላሉ፤ ሁለቱም ዘንድ «ዳታ» የሚባል ነገር ካለ አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

በሱ ፋንታ ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው «ኢምፖርትሊብ» ላይብረሪ ውስጥ ያለውን «ኢምፖርት_ሞጁል» ተጠቀም። ከፓይተን 2.7 እና 3.1 ጀምሮ አለ። ስሙን እንደ ስትሪንግ ትሰጠዋለህ፣ ለምሳሌ «ሪፖርቶች.ሽያጭ» ብለህ፣ እሱ ሞጁሉን ራሱን ይመልስልሃል። ከዚያ በስም ፈልጎ በሚያወጣው በ«ጌትአትር» ሪፖርቱን የሚሠራውን ፋንክሽን («አስኪድ» እንበለው) ታወጣለህ፣ ትጠራዋለህ። አለቀ። ሁለት መስመር ነው። ቆየት ያሉ መልሶች ላይ ግራና ቀኙ ድርብ አንደርስኮር ያለበትን «ኢምፖርት» ፋንክሽን ተጠቀም የሚሉ ታገኛለህ። እሱ ነጥብ ያለበት ስም ስትሰጠው የሚመልሰው «ሽያጭ»ን ሳይሆን ከላይ ያለውን «ሪፖርቶች»ን ነው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው ግራ የሚገባው። የፓይተን ሰነድም ቢሆን ለዚህ ሥራ «ኢምፖርት_ሞጁል»ን ተጠቀሙ ነው የሚለው።

አሁን ከውስጥ የሚሆነውን ማወቅ አለብህ፣ ምክንያቱም የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ ያለው እዚህ ነው። ፓይተን ስም ሲሰጠው መጀመሪያ የሚያየው «ሲስ.ሞጁልስ» የሚባል ዲክሽነሪ ነው። ስሙ እዚያ ካለ ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ሳይነካ ያንኑ ይመልስልሃል። ከሌለ ግን «ሲስ.ፓዝ» ላይ ያሉትን ፎልደሮች በተራ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ባዶ የሞጁል ኦብጀክት ይፈጥራል፣ ዲክሽነሪው ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ነው ኮዱን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ የሚያስኬደው። ቅደም ተከተሉን ልብ በል። መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ቀጥሎ ይሮጣል። ሁለት ሞጁሎች እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ «በከፊል የተጀመረ ሞጁል» የሚለው ኤረር የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንደኛው ተመዝግቧል ግን ኮዱ ገና አልጨረሰም።

ስለዚህ ፋይሉን ብታስተካክልም ያው አሮጌው ኮድ ይሠራል። ይህ ችግር ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ሞጁል እንዲጋራ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሪፖርት ፋይሎችህ አናት ላይ ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት፣ ፋይል መክፈት፣ ኔትዎርክ መጥራት የመሳሰለውን አታስቀምጥ። ሁሉንም «አስኪድ» ፋንክሽን ውስጥ አስገባው። ሎድ ማድረግ ሎድ ማድረግ ብቻ ይሁን።

ወደ ኤረር ልምጣ፣ ሰው ብዙ ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ነውና። አብዛኛው ሰው «ኢምፖርት_ሞጁል»ን ኤረር በሚይዘው በ«ትራይ» ይከበዋል፣ ከዚያ «ኢምፖርትኤረር» ከመጣ «እንዲህ የሚባል ሪፖርት የለም» ብሎ ያትማል። በአንድ ፕሮጀክት ላይ ይህን መልእክት ይዘው ፋይሉን ሲያስሱ የዋሉ ሰዎችን አውቃለሁ። ፋይሉ ቦታው ላይ ነበር። የጎደለው ሪፖርቱ ራሱ የሚጠራው፣ ሰርቨሩ ላይ ያልተጫነ ሌላ ላይብረሪ ነው። ሁለቱም የሚያስነሱት ያንኑ ኤረር ስለሆነ ኮዱ አልለያቸውም። ከፓይተን 3.6 ወዲህ «ሞጁልኖትፋውንድኤረር» የሚባል አለ፣ እሱም ላይ «ኔም» የሚል መረጃ አለ። ያልተገኘው ሞጁል ስም እሱ ነው። ይህን አንተ ከጠየቅከው ስም ጋር አስተያየው። አንድ ከሆኑ በእርግጥም ሪፖርቱ የለም። ካልሆኑ ኤረሩን አትዋጠው፣ እንዳለ ወደ ላይ ልቀቀው።

ስሙ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ በደንብ አስብበት። ሞጁል ሎድ ማድረግ ማለት ኮድ ማስኬድ ማለት ነው። ኮንፊጉን የምትጽፈው አንተ ብቻ ከሆንክ ስጋቱ ትንሽ ነው። ነገ ግን አንድ ሰው ስሙ ከዌብ ፎርም ይምጣ ካለ፣ ተጠቃሚ የጻፈውን ስትሪንግ በቀጥታ ለ«ኢምፖርት_ሞጁል» አትስጥ። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ትንሽ ዲክሽነሪ መጻፍ ነው፤ በግራ ተጠቃሚው የሚያውቀው ስም፣ በቀኝ የሞጁሉ ሙሉ አድራሻ። ዲክሽነሪው ውስጥ የሌለ ስም አይሠራም። ሰዎች ይህን ሲያዩ «ታዲያ አዲስ ሪፖርት በጨመርን ቁጥር መስመር ልንጨምር ነው?» ይላሉ። አዎ፣ ጨምሩ። አንዲት መስመር ናት፣ ፕሮግራሙ ምን ምን ማስኬድ እንደሚችል አንድ ቦታ ላይ ታሳያችኋለች። የግድ ፎልደሩን አይቶ ራሱ ይዘርዝር ካልክ «ፒኬጂዩቲል» ውስጥ «አይተር_ሞጁልስ» አለልህ። ሌሎች ሰዎች በፓይተን ላይብረሪ መጫኛው በፒፕ የሚጫን ተጨማሪ ሪፖርት እንዲጽፉልህ ከፈለግክ ደግሞ የተጫነ ፓኬጅ ራሱን ለሌላ ፕሮግራም የሚያስተዋውቅበትን «ኢንትሪ ፖይንት» የሚባለውን ተመልከት፤ የሚነበብበት «ኢምፖርትሊብ.ሜታዳታ» ከፓይተን 3.8 ጀምሮ አብሮ ይመጣል።

ፋይሉ ፓኬጅ ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቦታ ካለና በአድራሻው መጥራት ካለብህ መንገዱ ሦስት እርምጃ ነው። በ«ስፔክ_ፍሮም_ፋይል_ሎኬሽን» ስፔኩን (ሞጁሉ ከየትና እንዴት ሎድ እንደሚደረግ የሚናገረውን መረጃ) ትሠራለህ፣ በ«ሞጁል_ፍሮም_ስፔክ» ባዶውን ሞጁል ትፈጥራለህ፣ ከዚያ የስፔኩን ሎደር (ኮዱን ሎድ የሚያደርገውን) «ኤግዜክ_ሞጁል» በለው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መሀል ሞጁሉን ራስህ «ሲስ.ሞጁልስ» ውስጥ አስመዝግበው። ያለዚያ ክላሶቹ ቤት የሌላቸው ይሆናሉ፤ ኦብጀክትን ፋይል ላይ የሚያስቀምጠው «ፒክል» ለምሳሌ የዚያን ሞጁል ኦብጀክት ማስቀመጥ እምቢ ይልሃል። ድሮ ለዚህ ሥራ በሚያገለግለው በ«ኢምፕ» ሞጁል የተጻፈ አሮጌ ኮድ ካገኘህ አትቅዳው፣ እሱ ሞጁል በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፓይተን 3.12 ላይ ተነስቷል። አዲሱ ፋይል የተፈጠረው ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ከሆነ ደግሞ ከመጥራትህ በፊት ፓይተን ቀድሞ የያዘውን የፋይሎች ዝርዝር የሚያስረሳውን «ኢንቫሊዴት_ካሽስ» ጥራ፤ አለዚያ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሎ «የለም» ሊልህ ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። «ኢምፖርትሊብ.ሪሎድ» የሚባል አለ፣ ከ3.4 ጀምሮ። ስትጠራው የፋይሉን አዲስ ኮድ በዚያው በአሮጌው ሞጁል ውስጥ እንደገና ያስኬዳል። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይመስላል። ግን ከፋይሉ የሰረዝከው ፋንክሽን አይጠፋም፣ አሮጌው እዚያው ይቀራል። ሌላ ፋይል «ፍሮም ሽያጭ ኢምፖርት አስኪድ» ብሎ ቀድሞ ከወሰደ፣ እጁ ላይ ያለው አሮጌው «አስኪድ» ነው። ሪፖርቱ የሚጠራው ረዳት ሞጁል አብሮ አይታደስም።

ከሁሉ የሚያደክመው የክላሱ ነገር ነው። «ረድፍ» የሚባል ክላስ አለህ እንበል፣ ከሪሎድ በፊት የተፈጠሩ ኦብጀክቶችም ሊስት ውስጥ አሉ። ሪሎድ ካደረግክ በኋላ እነዚህ ኦብጀክቶች የ«ረድፍ» ናቸው ወይ ብለህ በ«ኢዝኢንስታንስ» ብትጠይቅ «ፎልስ» ይልሃል። ኦብጀክቱን ብታትመው «ረድፍ» ነኝ ይላል፣ ክላሱም «ረድፍ» ነው፣ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሎግ ላይ ምንም አታይም። ከ«ሲስ.ሞጁልስ» አጥፍቼ እንደገና ልጥራው ብትልም ያው ነው፤ አሮጌውን የያዘ ሁሉ ይዞት ይቀጥላል፣ ሜሞሪ ላይ ሁለት ቅጂ ይኖርሃል።

ኮድ ቁራጭ በቁራጭ በሚሞከርበት እንደ ጁፒተር ባለ ኖትቡክ ላይ ስትሞክር ሪሎድ ምንም አይደለም፣ ተጠቀምበት። ለቀናት ሳይጠፋ የሚሠራ ፕሮግራም ላይ ግን ሪፖርቱን በሌላ ፕሮሰስ (ለብቻው በሚነሳ ፕሮግራም) አስኪደው። ሌላ ፕሮግራም በሚያስነሳው በ«ሰብፕሮሰስ» ላይብረሪ ፓይተንን «ሰረዝ ኤም» (-m) ብለህ ከሞጁሉ ስም ጋር ጥራ። በእያንዳንዱ ጥሪ ከባዶ ስለሚነሳ የመጨረሻውን ፋይል ያነባል። ሪፖርቱ ቢወድቅም ዋናው ፕሮግራም አይወድቅም፣ ሜሞሪውም ሲጨርስ ይለቀቃል። የሚያስከፍልህ ፓይተን እስኪነሳ ያለችው ጊዜ ነች፤ ለሪፖርት ሥራ ምንም አይደለችም። «መልቲፕሮሰሲንግ» ከመረጥክ ግን ልጁን ፕሮሰስ ከባዶ የሚያስነሳውን «ስፖውን» የሚለውን ምረጥ። ወላጁን በሚገለብጠው በ«ፎርክ» ከሆነ ልጁ ፕሮሰስ ወላጁ ቀድሞ ሎድ ያደረገውን አሮጌ ሞጁል ይዞ ይወለዳልና የመጣህበት ችግር ጋ ትመለሳለህ። ዌብሳይት የሚሠራበት የፓይተን ፍሬምወርክ የጃንጎ የልማት ሰርቨር እንኳ ፋይል ስትቀይር ሞጁሎችን አንድ በአንድ አያድስም፣ ፕሮሰሱን ነው እንደገና የሚያስነሳው። በዚህ ነገር ብዙ የለፉ ሰዎች የመረጡት መንገድ ይህ ከሆነ እኛም ብንከተለው ይሻለናል።

የረሳሁት፦ ፕሮግራሙን በ«ፓይኢንስቶለር» አንድ ፋይል አድርገህ ለሰው የምትሰጥ ከሆነ፣ በስትሪንግ የተጠሩ ሞጁሎችን መሣሪያው አያያቸውም። አንተ ኮምፒውተር ላይ የሠራው እዚያ «ሞጁል የለም» ይላል። እያንዳንዱን በ«ሂደን ኢምፖርት» ንገረው። የሞጁሎቹ ዲክሽነሪ ካለህ ዝርዝሩን ከእሱ መገልበጥ ነው። የምትሠራበትን የፓይተን ቨርዥንና ኮንፊጉን የምታነብበትን ፋንክሽን እዚሁ ለጥፍልኝ፣ የ«ሰብፕሮሰስ»ኑን ክፍል አብረን እናየዋለን።