ለ25 ሰው የካምፒንግ ጉዞ፦ ያልተነካውን ቦታ ተይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። 25 ሰው ይዘሽ 2 ሌሊት ድንኳን ውስጥ ልታድሩ ነው። «ማንም ያልደረሰበት ቦታ» እየፈለግሽ ነው። ቆሻሻችሁን ለቅማችሁ ትመለሳላችሁ። «ተፈጥሮን ላለመጉዳት ከዚህ ሌላ ምን ላድርግ?» ብለሻል። ከመውጣቱ በፊት እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አስተባባሪ ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ለዓመታት ቡድን ይዤ ስወጣ ኖሬያለሁ። የምነግርሽም በአብዛኛው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ዋናውን አስቀድሜ ልበልሽ። ቦታውን ቀይሪ። ያልተነካ ቦታ አትፈልጊ። ሰው የሚያድርበት፣ መሬቱ የጠነከረ፣ መጸዳጃ ያለው የታወቀ የካምፕ ቦታ ፈልጊ።

ነገሩ ግራ ሊያጋባሽ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሄድበት ቦታ ላይ እኛም ብንጨመር ጉዳቱ ይብሳል፣ ራቅ ብንል ግን ጫናውን እንቀንሳለን ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። መሬቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ዴቪድ ኮል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰው ሲረግጠው ዕፅዋትና አፈር ምን እንደሚሆን ለረጅም ዓመታት አጥንቷል። እሱም ሌሎችም የደረሱበት ነገር ተመሳሳይ ነው፦ ጉዳቱ ከሰው ብዛት ጋር እኩል አያድግም። ትልቁን ጉዳት የሚያደርሱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እግሮች ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚጨምረው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ 25 ሰው የተረገጠ ቦታ ላይ ቢያድር የሚጨምረው ትንሽ ነው። ያው 25 ሰው ያልተነካ ለምለም ሜዳ ላይ 2 ሌሊት ቢያድር ግን ሜዳውን ለዓመታት ሊያበላሸው ይችላል።

ይህን ራስሽ ማየት ትችያለሽ። አንድ የታወቀ ካምፕ ስትሄጂ የድንኳን ካስማ በእጅሽ ለመትከል ሞክሪ። በድንጋይ ካልመታሽው አይገባም። ከዚያ አንድ ኩባያ ውኃ መሬቱ ላይ አፍስሺ። ውኃው ቆም ይላል፣ አቧራውን ይዞ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይንሸራተታል። አሁን ጥቂት ራቅ ብለሽ ማንም ያልቆመበት ሣር ሥር ያንኑ ያህል አፍስሺ። ወዲያው ይሰርጋል። ልዩነቱ አፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ናቸው። እግር ሲበዛ ይደፈናሉ። ሥሩ አየር ያጣል፣ ውኃው መግቢያ ያጣል፣ ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። በየሄድንበት እንዲህ ያለ አዲስ ቦታ ከምንፈጥር፣ አንዴ የጠነከረው ላይ መሰብሰብ ይሻላል።

ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ብትወጡ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ተበታትኖ አንድ ሌሊት አድሮ መነሳት ይቻላል። ያም ቢሆን ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋ ወይም ደረቅ ሣር ላይ ነው። ረግረግ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ለስላሳ ቅጠላ ቅጠልና የድንጋይ ላይ ሽበት በቀላሉ ይሞታሉ፤ ለማገገምም ብዙ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ የሰው ብዛት። 25 ሰው አንድ ላይ መሄዱ በጣም ይበዛል። ብዙ ጥብቅ ቦታዎች ለአንድ ቡድን ከ10 ወይም ከ12 ሰው በላይ አይፈቅዱም፤ ያወጡትም በምክንያት ነው። ትልቅ ቡድን በአንድ መስመር አይሄድም። ወሬ አለ፣ ጓደኛ ለጓደኛ ጎን ለጎን መሆን ይፈልጋል፣ መንገዱ ይሰፋል። ምሳ ሲበሉም ክብ ሠርተው ነው የሚቀመጡት፣ ያ ክብ ደግሞ መንገዱ ላይ አይበቃም። ከቻልሽ በተለያየ ሳምንት ሁለት ጉዞ አድርጊው። ካልቻልሽ ሦስት ቦታ ክፈያቸው፤ ለየቡድኑ ኃላፊ መድቢ፤ በግማሽ ሰዓት ልዩነት አስነሺያቸው። ይቀየሙሻል ብለሽ አትፍሪ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው፦ ትንሽ ቡድን ውስጥ የሆነ ሰው ወፍ ይሰማል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራል፣ የደከመው ሰውም ወደ ኋላ አይቀርም።

ጊዜውን ደግሞ በደንብ አስቢበት። እርጥብ መሬት ከደረቅ መሬት በጣም ቶሎ ይጎዳል። ጭቃ መንገድ ላይ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ፤ ጫማው እንዳይቆሽሽ ጠርዙን ይዞ ይሄዳል። ቀጣዩ ደግሞ የእሱን ጠርዝ ትቶ ሌላ ጠርዝ ይፈልጋል። አንድ የነበረው መንገድ ሦስት ይሆናል፣ በመካከል ያለው ሣር ይሞታል። እና ለተጓዦችሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ጭቃ ከመጣ በመሃሉ ነው የምንሄደው፣ ስለዚህ መቆሸሽ የሚችል ጫማ አድርጉ። ይህን ቤታቸው እያሉ ካልሰሙ ነጭ ስኒከር አድርገው ይመጣሉ፤ መንገድ ላይ ብትለምኚያቸው ማንም አይሰማሽም። ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ አቋርጦ መውረድም ያው ነው። አቋራጩ ውኃ ይይዛል፣ ውኃው ቦይ ይቆፍራል፣ ከጊዜ በኋላ ዋናው መንገድ ራሱ ይናዳል።

ከባድ ዝናብ ከጣለ የምትወስኚበትን ቀን ከአሁኑ ቁረጪ። ለምሳሌ ከጉዞው 2 ቀን በፊት። ወይ ቀኑን ታዛውሪያለሽ፣ ወይ ድንጋያማና ጠጠራማ ወደሆነ ሌላ መንገድ ትቀይሪያለሽ። ገንዘብ ስትሰበስቢም ይህን በግልጽ ጻፊው። ሰው ከከፈለና ቦርሳውን ካዘጋጀ በኋላ «እንቅር» ማለት ከባድ ነው። አስቀድሞ ካወቀው ግን ይቀበለዋል። እግረ መንገድሽን ወፎቹ እንቁላል የሚጥሉበት፣ እንስሳቱም የሚወልዱበት ወቅት እንዳይሆን የቦታውን ጠባቂዎች ጠይቂ።

አሁን መጸዳጃ። ሰው ስለዚህ ማውራት ያፍራል፣ ለዚህም ነው ብዙ ጥሩ ቦታ የተበላሸው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 25 ሰው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢጸዳዳ በ2 ቀን 50 ጉድጓድ ማለት ነው፣ ያውም በአንድ አካባቢ። መጸዳጃ ያለው ካምፕ ምረጪ ያልኩሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መንገድ ላይ ለሚቸገር ሰው ግን በየቡድኑ አንድ ትንሽ የአትክልት መኮትኮቻ ይኑር። ጉድጓዱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል። ከውኃ፣ ከመንገድና ከድንኳን ቢያንስ 60 ሜትር ይርቃል፤ ይህም 80 እርምጃ ገደማ ነው። ከዚያ በቆፈረው አፈር መልሶ ይደፍነዋል። ሶፍቱ አይቀበርም፤ ዝናብና እንስሳ ያወጡታል። እርጥብ ሶፍት ደግሞ አብዛኛው ፕላስቲክ አለበት። ሶፍትም ሞዴስም በሚዘጋ ፌስታል ተይዞ ይመለሳል። ለየሰው ከውጭ የማይታይ ጥቁር ፌስታል አስቀድመሽ ብታድዪ እፍረቱ ግማሹ ይቀራል። ብርዳማ ከፍታ፣ በረሃና ድንጋያማ ቦታ ላይ የተቀበረ ነገር በቀላሉ አይበሰብስም፤ እዚያ ዓይነምድርን ራሱን በልዩ ከረጢት ይዞ መመለስ ነው የሚሻለው።

ስለ ቆሻሻ ያልሽው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መልቀም የመጨረሻው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቆሻሻውን ጭራሽ አለመውሰድ ነው። የብስኩቱን ካርቶን፣ የፓስታውን ላስቲክ ቤት አውጥታችሁ ተዉት። ምግቡን በየምግብ ሰዓቱና በየሰዉ ልክ መዝናችሁ በሚታጠብ ዕቃ ያዙ። ለቡድን ሲገዛ ሁልጊዜ «እንዳያንስ» ተብሎ ይበዛል፣ የተረፈው ደግሞ ቁጥቋጦ ሥር ይደፋል። «ይበሰብሳል» ይባላል። የብርቱካን ልጣጭ ለመጥፋት ወራት ይፈጃል፣ በደረቅ ወይም በብርዳማ ቦታ ከዚያም በላይ።

ልጣጩ እስኪበሰብስ መቆየቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ በረጃጅሞቹ የሬድዉድ ዛፎች ላይ የሚራባ ማርብልድ መርሌት የሚባል የባሕር ወፍ አለ፤ ሊጠፋ ከተቃረቡት አንዱ ነው። እዚያው ስቴለርስ ጄይ የሚባል ከቁራ ወገን የሆነ ወፍ አለ። ይህ ወፍ የካምፕ ፍርፋሪ ፍለጋ ይሰበሰባል፣ ይበዛል፤ በዚያው ዞር ዞር ሲል የመርሌቱን እንቁላልና ጫጩት ይበላል። ስለዚህ የፓርኩ ሰዎች እንግዳውን ሁሉ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ እንዳይተው ይለምናሉ። ፍርፋሪውን የጣለው ሰው መርሌቱን በሕይወቱ አያየውም። ይህን ታሪክ ለቡድን ስነግር ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ የበለጠ ይሠራል፤ አንቺም ንገሪያቸው።

ሳህን ስትታጠቡ ከወንዙ ወይም ከሐይቁ 60 ሜትር ራቁ። «ለተፈጥሮ ተስማሚ» የሚል ሳሙናም ወንዝ ውስጥ አይገባም፤ የሚበሰብሰው አፈር ውስጥ ነው። እጣቢውን በወንፊት አጥልላችሁ ፍርፋሪውን ከቆሻሻው ጋር ያዙት፣ ውኃውን ሰፋ አድርጋችሁ ርጩት።

እሳት የምወደው ነገር ነው፤ ማታ ዙሪያውን ተቀምጦ መጫወትን የመሰለ የለም። ቢሆንም ምግቡን በቡታጋዝ አብስሉ። እሳት ከሥሩ ያለውን አፈር ያቃጥለዋል፣ አፈሩን ሕይወት የሚሰጠውን ብስባሽም ያጠፋዋል። ለ25 ሰው የሚበቃ ማገዶም ከአካባቢው ከተለቀመ ነፍሳትና ጥቃቅን እንስሳት የሚኖሩበት የወደቀ እንጨት ያልቃል። የካምፕ ቦታው ከፈቀደና አስቀድሞ የተሠራ የእሳት ቦታ ካለ አንድ ትንሽ እሳት ይበቃል። እንጨቱ የወደቀና የደረቀ፣ ከእጅ አንጓ የማይወፍር ይሁን። አመድ እስኪሆን ይንደድ፣ ውኃ ይፍሰስበት፣ ከዚያ በእጅሽ ጀርባ አመዱን ነክተሽ አረጋግጪ። ሙቀት ከተሰማሽ አልጠፋም። ከሩቅ አገር ማገዶ ጭናችሁ አትሂዱ፤ እንጨት የሚበሉ ነፍሳት በዚያው ወደ አዲስ ጫካ ይገባሉ።

ጫማም እንደዚሁ ነው፤ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ ካውሪ የሚባሉ ግዙፍ ዛፎች አሉ። በአፈር የሚተላለፍ በሽታ ሥራቸውን ያጠቃና ይገድላቸዋል። በሽታው በጫማ ሥር በተጣበቀ ትንሽ አፈር ይሄዳል። ስለዚህ በየጫካው መግቢያ የጫማ ማጽጃና መድኃኒት ተቀምጧል። የትም ብትሄዱ ልማዱ ይጠቅማል። ከጉዞው በፊት ማታ የጫማ ሥር በብሩሽ ይታጠብ፣ ካልሲና ድንኳን ላይ የተጣበቀ ዘር ይነቀል።

ስለ እንስሳት አጭር ልበል። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች በአብዛኛው ከእንስሳ ቢያንስ 23 ሜትር፣ ከድብና ከተኩላ ደግሞ 91 ሜትር ያህል ራቁ ይላሉ። ሜትር ያልያዘ ሰው ክንዱን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ያቁም። እንስሳው ከጣቱ ጀርባ ሙሉ በሙሉ ካልተሸፈነ በጣም ቀርቧል። ስፒከር ግን ቤት ይቅር። ይህን ሳልደራደር ነው የምለው። ድሮንም እንዲሁ።

መኪናውን አልጠየቅሽም፣ ግን ብዙ ጊዜ ከጉዞ ሁሉ ወደ አየር የሚለቀቀው አብዛኛው ጭስ ከእሱ ነው። ሰባት ግማሽ ባዶ መኪና ከመንዳት አንድ ሙሉ አውቶቡስ ይሻላል። ቅርብ ቦታም ከሩቅ ቦታ ይሻላል፤ እዚያው ቅርባችሁ ያለው ኮረብታ 2 ሌሊት አይበቃም ያለው ማነው?

ለቦታው ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ለጠባቂዎቹ ደውለሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ለአንድ ቡድን ስንት ሰው ይፈቀዳል፣ መጸዳጃውና የእሳት ቦታው የት ነው፣ በዚያ ሳምንት የተዘጋ መንገድ አለ ወይ። የሚሉሽን እዚሁ ጻፊልን። መሬቱ ምን ዓይነት እንደሆነም ጨምሪ፤ ሜዳ ነው፣ ጫካ ነው፣ ውኃ ዳር ነው? ከዚያ ሦስቱ ቡድኖች በየት በኩል እንደሚሄዱ በካርታው ላይ አብረን እናየዋለን።