ጠዋት ጠዋት እምቢ ስለሚለው ኬብልና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ መልእክቶች ይመሳሰላሉ። ኮምፒዩተሩ ይበራል፣ ኬብሉ ተሰክቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ሰበቡ ግን የየቤቱ ለየቅል ነው።

ከሁሉ በፊት ባሕር ዳር፣ ፖሊ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ላላት እህቴ። ጠዋት ሱቋን ከፍታ ኮምፒዩተሩን ስታበራ ኔት የለም። ሪስታርት ስታደርገው ይመጣል። ማታ አጥፍታው ስትሄድ በማግሥቱ ያው ነው። ሠሪ ጠርታ «ፎርማት ይደረግ» አላት። የተማሪዎቹ መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። «ላስደርገው ወይ?» ትላለች።

አታስደርጊው! ሪስታርት ሲደረግ የሚሠራ ከሆነ ኬብሉም፣ ኬብሉ የሚሰካበት የኔትወርክ ካርዱም ደህና የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ2012 ወዲህ፣ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለው። ሹት ዳውን ስትይው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የዊንዶውሱን ዋና ክፍል እንዳለ ዲስክ ላይ ይጽፍና ይተኛል። ጠዋት ስታበሪው የትናንቱን አንስቶ ይቀጥላል። ቶሎ የሚነሣው ለዚህ ነው። ታዲያ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከዚያ እንቅልፍ በደንብ ካልነቃ ኬብሉ ቢሰካም ዋጋ የለውም። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስነሣል። ብዙ ሰው አጥፍቶ ማብራት ከሪስታርት የሚበልጥ ይመስለዋል፤ እዚህ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ዛሬ ማታ ሞክሪው። የሺፍትን ቁልፍ ተጭነሽ ይዘሽ ሹት ዳውን በይው። እንዲህ ሲሆን የምር ይጠፋል። ነገ ጠዋት ኔቱ ከመጣ ጥፋተኛው ተገኘ። ከዚያ ኮንትሮል ፓናል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተሽ የማብሪያ ማጥፊያ ቁልፎቹን ሥራ የሚወስነውን ክፈቺ። «ፋስት ስታርትአፕ» ላይ ያለውን ምልክት አንሥተሽ ሴቭ አድርጊ። ለመነሣት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ ሌላ ጉዳት የለውም። ይህ ካልፈታው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱን ፈልጊና «ፓወር ማኔጅመንት» የሚለው ሥር ኮምፒዩተሩ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሺ። ቀጥሎ ድራይቨሩን ከኮምፒዩተሩ አምራች ድረ ገጽ አውርደሽ አድሺ።

ፎርማት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያመኛል። ከዓመታት በፊት የእኔም ኮምፒዩተር ኔት አልይዝ ብሎ አንድ ቤት ወሰድኩት። ሳይጠይቁኝ ፎርማት አደረጉት። የእናቴ የመጨረሻ ዓመት ፎቶዎች አብረው ሄዱ። በኋላ ሳየው ችግሩ የላላ ኬብል ነበር። ልጆቹ ክፉዎች አልነበሩም። ጥቂት ደቂቃ ጠይቆ ማጣራት ሲቻል መደምሰስ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ኔት አልያዘም ተብሎ የሰው ፋይል አይደመሰስም። ወንድሞቼ ሠሪዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ፋይሉንም ገልብጡ። አንቺም እህቴ፣ ዛሬውኑ የተማሪዎቹን ሥራ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ኔቱ ቢስተካከልም ገልብጪ።

የፋሲሎው ወጣት የኬብሉ ማስገቢያ ላይ ያለው መብራት ብርቱካናማ ሆኖብኛል፣ ተበላሽቶ ይሆን ይላል። አልተበላሸም፤ ቀለሙ እንደየአምራቹ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜም ፍጥነት ነው የሚያሳየው። የሚያሳስበው ጭራሽ ካልበራ ነው።

ሐይቁ ዳር ካለ ቢሮ የጻፈችልኝ ጸሐፊ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስድስቱም ኮምፒዩተሮች ኔት አይዙም ትላለች። አንዱ ላይ ስታይ የኔትወርክ አድራሻው (አይፒው) በ169.254 ይጀምራል። ይህ ቁጥር ትልቅ ፍንጭ ነው። ኮምፒዩተሩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው ነው። መብራት ሲመጣ ሁሉም እኩል ይነሣል፤ አድራሻ የሚያድለው ራውተር ግን ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል። ቀድመው የተነሡት ኮምፒዩተሮች ሰው የሌለበትን በር ያንኳኳሉ። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ሞደሙና ራውተሩ ይብሩ፣ ቀጥሎ መስመሩን ለኮምፒዩተሮቹ የሚያከፋፍለው ስዊች፣ ኮምፒዩተሮቹ መጨረሻ። ቀድመው ከተነሡ ኬብሉን ነቅሎ መሰካት ይበቃል፤ እንደገና ይጠይቃሉ። ራውተሩን መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ደግሞ ይገላግላችኋል፤ የሚበላው ኃይል ጥቂት ነው። ራውተሩ ራሱ መስመር ካላገኘ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም፣ 994 ደውሉ።

አንድ ጡረታ የወጡ አባት ኬብሉ ተገናኝቷል ይለኛል፣ ድረ ገጹ ሁሉ ግን «አደገኛ ነው» እያለ አይከፈትም ብለዋል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንዳስተካከሉትም ጽፈዋል። አባቴ፣ ነገሩ እሱ ነው። ድረ ገጾች የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው የደኅንነት ምስክር ወረቀት አላቸው። የእርስዎ ኮምፒዩተር ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷልና ወረቀቱ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል። ቀኑን በፈረንጆቹ ያድርጉት። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ የሰዓት ክልሉ ዝርዝር ላይ «ናይሮቢ» የሚለውን ይምረጡ፣ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ኮምፒዩተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት። ልጅ ይቀይርልዎ።

አሁን ደግሞ የዘጌው ወንድሜ። ከወንድሙ ቤት ወደ እሱ ቤት በዛፍ ላይ 120 ሜትር ያህል ኬብል ዘርግቷል። ቀድሞም ጠዋት ጠዋት ይቆራረጥበት ነበር። ባለፈው መብረቅ ከጣለ በኋላ የኮምፒዩተሩ ማስገቢያ ጭራሽ ሞተ። ጥያቄው የትኛውን ካርድ ልግዛ ነው።

ካርድ ከመግዛትህ በፊት ያን ኬብል አውርደው። ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ይሁን። አንደኛ፣ የኔትወርክ ኬብል ልኩ 100 ሜትር ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ መቆራረጡ አይገርምም። ሁለተኛው ከባዱ ነው። ኬብሉ መዳብ ነው። መብረቅ እላዩ ላይ ባይወድቅም አጠገቡ ሲወድቅ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ያስገባበታል። በክረምት ጣና ላይ የሚያጓራውን ነጎድጓድ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ዛሬ የሞተው ካርድ ነው፤ ነገ ኪቦርዱ ላይ የልጅህ እጅ ሊሆን ይችላል። በሁለት ቤት መካከል የሚዘረጋው ፋይበር ይሁን፤ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ውስጡ ብረት የሌለበትን ምረጥ። የቤትህን የኤሌክትሪክ የመሬት መስመር (ኧርዝ) ደግሞ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ በመሣሪያ ይለካው። ይህን የምልህ ለወጉ አይደለም። ራስህ አትንካው፣ የሠፈር ልጅም አይንካው፣ ባለሙያው ሳያይም አዲሱን ካርድ አትሰካ። ዝናብ ሲያስገመግም ገና ከሩቁ ንቀል፤ መብረቁ ከደረሰ በኋላ ግን ኬብሉን አትንካ።

የመጨረሻው ከፔዳ ተማሪ ነው። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ መቆለፊያ ተሰብራለች፣ በፕላስተር ላስረው ወይ ይላል። አይሆንም። ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ይላላል። ኬብል የሚሠሩ ልጆች ጋ ውሰደው፤ ጫፉን ቆርጠው አዲስ ኮኔክተር በመምቻው (በክሪምፐር) ይመቱልሃል። ኬብሉ ትንሽ ያጥራል።