መጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት የወጥ ቤታችሁን መሳቢያ ክፈቱ

ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ወደ ባዕድ አገር ለመጣችሁና እዚሁ ለወለዳችሁ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ብዙ አዲስ መጪ ቤተሰቦችን ስቀበል ስለኖርኩ የማየውን በለስላሳ ቃል አልሸፍነውም።

1. ወረቀት። የልጁን የልደትና የክትባት ማስረጃ አስተርጉማችሁ አስቀምጡ፤ መዋዕለ ሕፃናት ብዙ ቦታ ወረፋ ስላለው ቀድማችሁ አስመዝግቡ።

2. መጫወቻ። የመጀመሪያው ደመወዝ እጅ ሲገባ ቤቱ መብራት በሚያበራ፣ በራሱ በሚዘፍን ፕላስቲክ ይሞላል። ልጁ ቁልፍ ይጫናል፤ የቀረውን ሁሉ የሚሠራው ባትሪው ነው። የገንዘቡ ብክነት ያናድደኛል፤ ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን ልጁ ራሱ የሚያስብበት ነገር ማጣቱ ነው።

በ8 ወር ሕፃን ፊት ማንኪያ በፎጣ ሸፍኑና ፈልጎ እንዲያወጣው ጠብቁት። ከዓይን የተሰወረ ነገር እንዳልጠፋ መረዳት የሚጀምረው በዚያ ዕድሜ ገደማ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ለሆነው ድስቶችንና ክዳኖችን አደባልቃችሁ ስጡት፤ የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን እየሞከረ ይለይ። የ3 ዓመቷ ልጅ የታጠቡትን ካልሲዎች ታጣምር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ማንኪያ ታድል። ቁጥር የሚገባት እንዲህ እንጂ እስከ ሃያ በቃሏ በመውረድ አይደለም።

ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ በሶፍት ጥቅል ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ነገር አትስጡ፤ ሊያንቀው ይችላል። ውኃ በኩባያ እየገለበጠ ሲጫወትም ከአጠገቡ አትራቁ፤ ሕፃን ጥቂት ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ሊሰምጥ ይችላል።

3. ቋንቋ። ልጁ ድስቱን ሲከፍትና ሲከድን እናንተ ስልካችሁ ላይ ካፈጠጣችሁ ዋናው ነገር ቀረ። አነጋግሩት! «ክዳኑን አንሣ። ትንሹን ትልቁ ውስጥ ክተት። ሥሩ ምን አለ? ሞላ ወይስ ጎደለ?» በሉት፤ በአማርኛ። ወንዱን «አንሣ»፣ ሴቷን «አንሺ»፣ ሁለቱን «አንሡ» ስትሏቸው ሰዋስዉን ማንም ሳያስተምራቸው ይይዙታል።

«ሲያድግ ይማረዋል» ትላላችሁ። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የየትኛውንም ቋንቋ ድምፆች መለየት ይችላል፤ ወደ 1 ዓመቱ ሲጠጋ ግን ጆሮው በየቀኑ ወደሚሰማው ቋንቋ ያደላል። ጠን ከተ፣ ጨን ከቸ፣ ቀን ከከ ዛሬ ያለ ድካም የሚለየው ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ክፍል ገብቶ ይታገልበታል። ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል፣ አፉን ያዘገያል የሚላችሁንም አትስሙ፤ ሐሰት ነው። ልጁ በእርግጥ ከዘገየ ባለሙያ ይየው፤ አማርኛውን ግን አትንጠቁት።

«ትምህርት ቤት እንዳይቸገር» ብላችሁ በተሰባበረ የባዕድ ቋንቋ የምታነጋግሩት፣ እባካችሁ ተዉ! ያን ቋንቋ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ከእናንተ ይልቅ አሳምሮ ይማረዋል። አማርኛን ግን ከእናንተ ሌላ ማን ይስጠው? አያት ስትደውል ስልኩን ለእናቱ አቀብሎ የሚሸሽ ልጅ ስንቱን አይቻለሁ! አያትየዋም የልጅ ልጇን ሳታነጋግር ታልፋለች። የራሴ ልጆች አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ ካልሲ እያጣመርን የምናወራበት ጊዜ ተመልሶ እንደማይመጣ ስለማውቅ ነው የምቆጣችሁ።

4. ስክሪን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅና ከዚያ በታች ላለ ሕፃን ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ከአያት ጋር በምስል መነጋገርን ግን እኔ ከዚህ አልቆጥረውም፤ እንዲያውም ተጠቀሙበት። ከቤት ዕቃ አንዱን፣ ማበጠሪያም ይሁን ማንኪያ፣ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። የ4 ዓመቱ ልጅ ሳያይ በእጁ እየዳሰሰ «እንቆቅልሽ» ይበላት፤ አያትም «ምን አውቅልህ» ትበል። ይለሰልሳል፣ ይሻክራል፣ ጥርስ አለው እያለ ይንገራት፤ እሷም ትገምት። ስታውቀው ተራው የእሷ ነው።